ካርድ ሳያወጡ ቀለም የለም

«ብቻ ቆንጆ አድርገህ ሥራልኝ!»

በዚህች ዐረፍተ ነገር ምክንያት ስንት ጠጉር እንደነቀልኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ራሴን ያየ ግን ያምናል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ «ብቻ ጥሩ መርፌ ውጋኝ» ይላል? ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ሳይለካ «ብቻ የሚያምር ሱሪ» ይላል? አይልም። እኛ ቤት ሲመጣ ግን ይላል። ብሎም ይወጣል። ከዚያ በሳምንቱ ተመልሶ «እኔ ያልኩህ ይሄን ነው?» ይላል። ያልከኝማ ምንም ነው፣ ወንድሜ!

እኛ ቤት ማለት ጭሮ ውስጥ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብላ ያለች የማስታወቂያና የህትመት ቤት ናት። ባለቤቱ ሸምሱ ነው። አባቱ ከስልጤ አገር መጥተው እዚሁ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረዋል፤ ልጁ ደግሞ ጨርቁ ላይ ማተም ጀመረ። ሰሌዳ በእጃቸው የሚጽፉልን ጋሽ በየነ ናቸው። በከተማው ዝናብና ፀሐይ የጠገበ የሱቅ ሰሌዳ ካያችሁ፣ ፊደሉም ካልተላጠ፣ የእሳቸው እጅ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ያኔ ራሴን አርቲስት ብዬ ነበር የምጠራው። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ሲባል ስሰማ ስለ እኔ የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ደንበኛው ግማሹን ሲነግረኝ ሙሉውን ገብቶኛል ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ እሮጣለሁ። አያችሁ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ ቀን ከቦርደዴ አንድ የግመል ነጋዴ መጡ። ባነር ፈለጉ። «ግመል ይኑርበት። ጠንካራ ግመል» አሉ፤ በቃ። እኔ ከኢንተርኔት ውስጥ ስፈልግ አንድ ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ፣ ጠጉሩ እንደ አንበሳ ጎፈር የወረደ ግመል አገኘሁ። በትልቁ አተምኩት። ሰውየው መጥተው ባነሩ ሲዘረጋላቸው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጠጋ ብለው በሌባ ጣታቸው ነኩት።

«ወንድሜ» አሉኝ በሐዘኔታ፣ «ይሄ ከኋላ ያለው እብጠት ነው?»

ለካ ያተምኩት ግመል ሁለት ሻኛ አለው! ተወልዶ ከግመል ጋር ላደገ ሰው፣ ግመል ለሚገዙ ሰዎች ደጅ ላይ የሚሰቅለውን፣ የየት አገር እንደሆነ የማላውቀውን ባለ ሁለት ሻኛ ሰጠሁት። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ አልጮሁም። «ይሄን ከሰቀልኩ የታመመ ግመል ይሸጣል ይሉኛል» ብለው ትተውት ሄዱ። ሸምሱ ግን ጮኸ። ሸምሱ እኔ ላይ፣ እኔ ጋሽ በየነ ላይ፣ ጋሽ በየነ ብሩሻቸው ላይ ጮኹ። ብሩሹ ምን አጠፋ?

ከመሰላ ከተማ የታዘዘውን የሰርግ ካርድ ደግሞ ባላነሳው ደስ ባለኝ። የሙሽራው አጎት መጥተው አዘዙ። የሙሽራውን ስም ስጠይቃቸው «ማሙሽ» አሉ። ጻፍኩ። ሦስት መቶ ካርድ «አቶ ማሙሽ» ተብሎ ታተመ፤ ታደለም። ለካስ ማሙሽ የቤት ስሙ ኖሯል! ሰውየው የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። እስከ ዛሬ ተማሪዎቹ በጀርባው ምን እንደሚሉት እናንተው ገምቱ።

ፈቲያ እኛ ቤት የገባችው ከግመሉ በኋላ ነው። የተቀጠረችው ስልክ እንድታነሳና ደንበኛ እንድታስተናግድ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ሠርታለች። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ስትሰማ ዐይኗን የማትነቅል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ትናገራለች፤ አንዳንዴም በአንድ ትንፋሽ። የመጀመሪያ ቀኗ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን ባነር ገልጣ አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችን። ነገርናት። አልሳቀችም። ያ ነው የገረመኝ፤ ከተማው በሙሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም።

«ሰውየውን ምን ጠየቅሃቸው?» አለችኝ።

«ምን እጠይቃለሁ? ግመል አሉኝ፣ ግመል ሠራሁ።»

«ሆዴን አመመኝ የሚል ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ዝም ብሎ ሆድ ላይ መርፌ ይወጋል እንዴ?» አለች። «ክሊኒኩ እያለሁ ‹ሆዴን› ብሎ መጥቶ ጭንቀት የሆነ ነበረ። ‹ራሴን› ብሎ መጥቶ ጥርስ የሆነ ነበረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አብዛኛው ሰው ግን ደብቆ አይደለም፤ የሚጠይቀው አጥቶ ነው።»

በማግስቱ ከወፍራም ወረቀት ካርድ ቆርጣ መጣች። የክሊኒክ ካርድ ቁርጥ። ሸምሱ ፊት ቆማ ሕጓን ተናገረች። ከዛሬ ጀምሮ ካርድ ያላወጣ ደንበኛ ሥራ አይጀመርለትም። ካርዱ ላይ የሚሞሉት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ይሄን ነገር ማን ነው የሚያየው? የት ሆኖ ነው የሚያየው? ካየ በኋላ ምን እንዲያደርግ ነው የሚፈለገው? የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማነው? መቼ ነው የሚፈለገው? እዚች ላይ በቅንፍ «እውነተኛው ቀን» ብላ ጽፋለች፤ ደንበኛ ሁሉ «ለነገ» እንደሚል በሁለተኛ ቀኗ ገብቷታል። ከዚያ የተጻፈው ለደንበኛው በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል፣ ይፈርማል። ከዚያ እሷ፣ እኔና ጋሽ በየነ ካርዱን መሐል አድርገን እንቀመጣለን። ሦስታችንም ገብቶናል እስክንል ድረስ ኮምፒውተር አይከፈትም፣ ብሩሽ አይነከርም።

አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹ ይሄን «ብሪፍ» ይሉታል አሉ። እኛ ካርድ ነው የምንለው።

ጋሽ በየነ ተቆጡ። በእነዚህ እጆቼ የጭሮን ሱቅ ሁሉ ስጽፍ ማን ካርድ አወጣልኝ አሉ። እኔማ ይባስ ብዬ ንግግር አደረግሁ። ጥበብ እንደ ወፍ ነው፣ በፎርም አይታሰርም፣ ምናምን። ፈቲያ ጨርሼ እስክቀመጥ ጠበቀችና፦

«ወፉን ተወውና ስለ ግመሉ ንገረኝ» አለች።

ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ካርዱ ከገባ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። ጩኸቱ ቆመ። ጋሽ በየነም ባያምኑም መከራከር ተዉ። እኔ ግን ልቤ አልተሸነፈም። አንድ ቀን አጋልጣታለሁ ብዬ የምጠብቅ ዓይነት ሰው ነበርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና።

ያ ቀን የመጣ የመሰለኝ ከመቻራ በኩል ሦስት ሽማግሌዎች ሲመጡ ነው። የቡና ገበሬዎች ማኅበር አላቸው። ሊቀመንበሩ ኦቦ ኢብራሂም ይባላሉ፤ ነጭ ኮፍያ፣ ጥቁር ኮት፣ ረጅም ከዘራ። ትልቅ ሰሌዳ ይፈልጋሉ። ምን ይኑርበት? ፀሐይ ስትወጣ፣ ቡና በስኒ፣ ርግብ፣ ደግሞ የዓለም ሉል። «ዓለም እንዲያውቀን» አሉ። ፈቲያ ካርድ አወጣች።

«ማን ነው የሚያየው፣ ኦቦ ኢብራሂም?»

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው የት ሆኖ?»

«ሁሉም ቦታ።»

እኔ በሆዴ ሳቅሁ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና በኦሮምኛ ዝቅ ብላ ማውራት ጀመረች። እንግዲህ ሰውየው ቀስ በቀስ ተፈቱ። ማኅበሩ ሊሞት ነው። አባላቱ ቡናቸውን ወደ ማኅበሩ መጋዘን ማምጣት ትተው ታች መንገድ ዳር ለሚቆሙ ነጋዴዎች ይሰጣሉ። ዓምና የሰበሰቡት መኪና አልሞላም። ዘንድሮም ካልሞላ ገዥው ሊተዋቸው ነው፤ መጋዘኑም ይዘጋል። ሰሌዳው ቆንጆ ከሆነ ሰው ይመለሳል ብለው አሰቡ። ይሄን ሲናገሩ ከዘራቸውን ይዘው ወደ መሬት ነበር የሚያዩት። ያኔ ትንሽ ሳቄ ቀዘቀዘ።

ፈቲያ ካርዱን ሳትሞላ ዘጋችው። «ቦታውን ሳላይ አልጽፍም» አለች። ሸምሱ ለአንድ ሰሌዳ መቻራ ድረስ ይኬዳል ወይ ብሎ ተከራከረ። «የማይነሳ በሽተኛ ቤቱ ሄደው ነው የሚያዩት» አለችው። እኔም ሜትር ይዤ አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ከመሄዳችን በፊት ተደብቄ ሰሌዳውን ዲዛይን አደረግሁት። ሉሉ፣ ርግቧ፣ ፀሐይዋ፣ ሁሉም አለ። በወረቀት አትሜ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እዚያ ስንደርስ አውጥቼ ላሳያቸው፣ ሽማግሌው እንዲያቅፉኝ፣ ፈቲያም ከነካርዷ እንድትቀር።

ከገለምሶ በኋላ ያለውን መንገድ አላወራላችሁም። አጥንቴ ያውቀዋል። መቻራ ደርሰን፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። የማኅበሩ መጋዘን ጉብታ ላይ ነው። ከታች ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ መንደሮቹ። ወንዙ ዳር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጉብታው ይወጣል፣ ሌላው ሜዳ ሜዳውን ነጋዴዎቹ ወደቆሙበት ይሄዳል። ኦቦ ኢብራሂም ላይ ሆነው ሊያስጎበኙን ሲጠብቁን፣ ፈቲያ ወንዙ ዳር ቁጭ አለች። ሴቶች እሸት ቡና ተሸክመው ይመጣሉ፣ እዚያ አረፍ ይላሉ፣ ወደ ጉብታው ቀና ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ይታጠፋሉ። አንዷ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። ሁሉም ቀና ይላሉ፤ ሁሉም ይታጠፋሉ።

«ምንድን ነው የሚያዩት?» አለችኝ ፈቲያ። እኔ ምን አውቃለሁ?

አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ሸክማቸውን አውርደው አጠገባችን ተቀመጡ። አዴ ሀሊማ ይባላሉ፤ የኦቦ ኢብራሂም ባለቤት መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅነው። ፈቲያ ጠየቀቻቸው። ሳቁና አንዲት ቃል ደገሙ፦ «ሚዛኒ ጂራ?» ሚዛን አለ ወይ? ሁሉም ቀና የሚለው ይህችን ለማወቅ ነው። እሸት ቡና እንደ ወተት ነው፣ አያድርም። ያን አቀበት በሸክም ወጥተሽ መጋዘኑ ዝግ ከሆነ መልሰሽ ተሸክመሽ መውረድ ነው። አንዴ ተዘጋብሽ፣ ሁለቴ ተዘጋብሽ፤ ሦስተኛውን አትወጪም። ነጋዴው በርካሽ ይግዛ እንጂ ሁልጊዜ አለ። ስልክ አይደወልም ወይ? ኔትወርኩም እንደ ሚዛኑ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል።

«ለምንድን ነው የሚዘጋው?» አለች ፈቲያ።

አዴ ሀሊማ ግራ ቀኝ አዩ። ሚዛኑን የሚይዘው ጀማል የባላቸው የወንድም ልጅ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እንቅልፍና ጨዋታ ይወዳል። ማን ይናገረዋል? ሊቀመንበሩ አጎቱ፣ የተቀሩት አክስቶቹ። ፈቲያ ካርዷን ገልብጣ በጀርባው አንድ መስመር ጻፈች። ሰረቅ አድርጌ አነበብኩት፦ «የሚዛኑ ሰው ይጠፋል። ዘመድ ነው። ስሙ አይነሳ።»

እኔ በዚህ መሐል ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወረቀቴን አውጥቼ ዘረጋሁ። አዴ ሀሊማ በአክብሮት ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ሉሉ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይሄ ኳስ ምንድን ነው?» አሉ። አጠገባቸው ያለችው ወጣት «የኳስ ቡድን ሊያቋቁሙ ነው» ብላ መለሰችላቸው። ጠቀለልኩት። ፈቲያ አየችኝና ወደ ካርዷ ተመለሰች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ግን አእምሮዬም ሠራ፣ አልዋሽም። «ሚዛን መኖሩን ብቻ ነው የሚፈልጉት? እንግዲያውስ ጽሑፍ አያስፈልግም። ጉብታው ላይ ትልቅ ቆርቆሮ እንትከል፤ አረንጓዴ ሲሆን ክፍት፣ ቀይ ሲሆን ዝግ» አልኩ። ፈቲያ ፊቷ በራ። «ጎበዝ!» አለችኝ። የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ግን፣ ልማዷ ነውና፣ ወደ ሴቶቹ ዞራ ጠየቀች። አረንጓዴ ብታዩ ምን ትላላችሁ?

«ጥሬ ነው፤ አይነካም» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ቀይስ?»

«ዲማ? በስሏል! ነይ ልቀሚ ነዋ!»

ለካ እኔ የመኪና መብራት ይዤ ነው ቡና አገር የመጣሁት! ለእነሱ ቀይ «ና» ነው፤ አረንጓዴ «ቆይ» ነው። ባትጠይቅ ኖሮ ሚዛኑ ሲከፈት ሁሉም ወደ ነጋዴው ይታጠፍ ነበር። ባለ ሁለት ሻኛውን ግመል ለሁለተኛ ጊዜ ልሰቅል አንድ ጥያቄ ነበር የቀረኝ። እዚያው ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ይቺን ቀጭን ሴት ቀና ብዬ እያየሁ፣ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የማን ሥራ ስሠራ ነው የኖርኩት ብዬ አሰብኩ። የራሴን።

ኦቦ ኢብራሂምን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ያለ ጽሑፍ ሰሌዳ? ማኅበሩ ስም የለውም እንዴ? ፈቲያ ስለ ጀማል አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «ሴቶቹ ከታች ሆነው ሚዛን መኖሩን ካወቁ ይወጣሉ» ብቻ አለች። አዛውንቱ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። አብረውን የወጡት አዴ ሀሊማ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀ። ካርዱ ላይ «የመጨረሻው ቃል የማን ነው» በሚለው ፊት ኦቦ ኢብራሂም ከመስማማታቸው በፊት እዚያው «የእኔ» ብለው አስጽፈው ነበር። ፈቲያ ቀስ ብላ ሰረዘችና «የአዴ ሀሊማ» ብላ አስተካከለችው። ሉሉንና ርግቧን ግን እንዲሁ አልተዉም፤ መጋዘኑ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሳልልኝ አሉ። ተሳለላቸው። ቡናው እያየው ይውላል።

ጋሽ በየነ ጭሮ ላይ ካርዱን ስናነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ፊደል የሌለው ሰሌዳ?» አሉ። ፈቲያ ስለ ወንዙ፣ ቀና ስለሚሉት ሴቶች፣ ስለ አቀበቱ ነገረቻቸው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ቀይ ቀለም ሲደባልቁ ሰነበቱ። አንዱ ጡብ ይመስላል፣ አንዱ ደም ይመስላል እያሉ ደፉ። በመጨረሻ ከመቻራ በጠዋቱ መኪና ያስመጣነውን አንድ ፍሬ እሸት ቡና ቆርቆሮው ላይ አስቀመጡት፤ ፍሬው ጠፋ። ቀለሙ ውስጥ ጠፋ! እኚያ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጻፉት ፊደል ሁሉ በዚያች ቀይ ይበልጥ እንደኮሩ አውቃለሁ። የእኔ ኮምፒውተር ሳይከፈት ቀረ።

ሰሌዳው ተተከለ። በአንድ ፊቱ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ፣ ብረት ላይ የሚዞር። ጀማል ሚዛኑን ሲከፍት ቀዩን ወደ ወንዙ ያዞራል፣ ሲዘጋ አረንጓዴውን።

አሁን የፈቲያን ነገር ስሙ። ቀዩ ሲታይ ሴቶቹ ወጡ፤ ይሄን ጠብቀናል። ያልጠበቅነው፣ እሷ ብቻ በካርዷ ጀርባ የጠበቀችው ሌላ ነው። ፀሐይ ወጥቶ ሰሌዳው አረንጓዴ ከሆነ፣ በአምስት መንደር ያለ ሰው ሁሉ ያያል! አዴ ሀሊማ ከደጃቸው ሆነው ያያሉ። «ጀማል! አልበሰልክም እንዴ?» የሚል ጩኸት ከየማዶው ይነሳል። ማንም ማንንም አልከሰሰም፤ ሽማግሌም አልተሰበሰበም። ጀማል በጠዋት መነሳት ጀመረ። በዚያ ወቅት መኪናው ሞላ። ኦቦ ኢብራሂም ደውለው ለሸምሱ ሲነግሩት ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር፤ ኔትወርኩ ይሁን ሌላ አልጠየቅንም። በሽተኛውን ሳታሳፍር ማዳን ማለት ይሄ አይደለም? እኔ ይሄን በየትኛው ኮምፒውተር ነበር የምሠራው?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ምክር ይወጣው ነበር። አላበቃም። አንድ ማክሰኞ አንድ አቧራ የለበሰ፣ ዐይኑ እንቅልፍ ያማረው ወጣት በራችን ላይ ቆመ። «ያን ሰሌዳ ያሰበችው ሴት የታለች?» አለ። ጀማል ነው! ሸምሱ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ ሜትሬን ያዝኩ፤ በሜትር ምን እንደማደርግ አላውቅም። ፈቲያ ግን አሰላሙ አለይኩም ብላ አስቀመጠችው፤ ካርድም አወጣች።

«ሦስተኛ ቀለም እፈልጋለሁ» አለ። «ቢጫ። ቡና ሊቀላ ሲል መሐል ላይ ቢጫ ይሆን የለ? ‹አልጠፋሁም፣ ልበስል ነው› ማለት ነው።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«አክስቴ አዴ ሀሊማ። ቀጥሎ የተቀሩት አክስቶቼ።»

«የት ሆነው?»

«ወንዙ ዳር። ሸክም አውርደው፣ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው።»

«ካዩ በኋላ ምን እንዲያደርጉ ነው?»

«ምሳዬን እስክጨርስ ስሜን እንዳይጠሩ።»

«የመጨረሻው ቃል የማን ነው?»

ተነፈሰ። «የአዴ ሀሊማ። ፈቅደዋል፤ ግማሽ ሰዓት።»

ፈቲያ አነበበችለት። አንድም የሚታረም ቃል አልተገኘም። ፈረመ። በቤታችን እንዲህ ያለ ካርድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተሞልቶ አያውቅም። ጋሽ በየነ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፦

«ስንት ትጉህ ሰው አዘዘን፤ ምን እንደሚፈልግ አጥርቶ የሚያውቀው ግን ሰነፉ ሆኖ ተገኘ» አሉኝ፤ ቢጫ ሊደባልቁም ተነሱ።